ስኒው ሲበርድ

ታኅሣሥ ላይ ዱመርሶ የገባ ሰው የቡና አገር መድረሱን ከሽታው ያውቃል። ከመፈልፈያው የሚወርደው ውሃ፣ ገንዳ ውስጥ የሚብላላው ቡና፣ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ሁሉም የየራሱ ሽታ አለው። አጎቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቡና ቀምሰዋል፤ ጡረታ ቢወጡም አዝመራ ሲደርስ ከማጠቢያ ጣቢያው አይጠፉም። እኔ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በኅዳር ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለምርምራቸው ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችን፣ ከግብርና፣ ከጤና፣ ከፊዚክስ፣ ከቅርስ ጥናት፣ ለሦስት ቀን ዲላ ሰብስበን ነበር። ጉባኤው ካለቀ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአስተያየት ቅጾቹን በፌስታል ይዤ አጎቴ ጋ ወጣሁ። ከአልጋዎቹ አጠገብ ካለው ዳስ ሥር ተቀምጠን ያወራነው ይህን ነው።

ጋሼ፦ ምንድን ነው የተሸከምሽው? የፈተና ወረቀት ነው?

እኔ፦ የአስተያየት ቅጽ ነው ጋሼ። የጉባኤው ተሳታፊዎች የሞሉት። የሚቀጥለውን ዓመት ዝግጅት በዚህ ልናስተካክል አስበን ነበር፤ ግን ከላይ እስከ ታች አንብቤ የሚስተካከል ነገር አጣሁበት።

ጋሼ፦ ጥሩ ነበራ!

እኔ፦ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። «ዝግጅቱ እንዴት ነበር?» በጣም ጥሩ። «አቀራረቡስ?» በጣም ጥሩ። «መስተንግዶውስ?» በጣም ጥሩ። አንዱ እንዲያውም ከታች «በርቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ፈርሞበታል። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁሉም ሰው የሚሠራበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከኢንተርኔት ላይ በአንድ ጊዜ ለማውረድ ሲሞክር መስመሩ ተጨናነቀ፤ እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ ላፕቶፓቸውን ከፍተው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ከሰዓት መብራት ሄደ። በሁለተኛው ቀን ከኋላ ረድፍ የነበሩት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ይህ አንድም ወረቀት ላይ የለም።

ጋሼ፦ መቼ ነው ያስሞላሻቸው?

እኔ፦ በመጨረሻው ቀን ማታ። አበል ሲፈርሙ።

ጋሼ፦ ልጄ፣ በአንድ እጁ ገንዘብ እየተቀበለ በሌላው ነቀፌታ የሚጽፍ ሰው ከየት ታመጫለሽ? ደግሞ መኪና ቆሞ እየጠበቀው። ሐዋሳ የሚመለስ ሰው ዘጠና ኪሎ ሜትር መንገድ አለበት፤ እየመሸበት ነው።

እኔ፦ ይሉኝታችን ነው የሚያስቸግረን። ፊት ለፊት ምግቡ ጣፋጭ ነበር ብለን፣ ከበር ስንወጣ ነው ጨው በዛበት የምንባባለው።

ጋሼ፦ ይሉኝታን አትውቀሺ። ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤት አይሆንም። የደከመችን ባለቤት ምግብሽ ጨው በዛበት የሚላት እንግዳ እውነተኛ ስለሆነ ብቻ ደግ አይባልም። አንቺ ነሽ እውነት መናገር ስድብ እንዲመስል አድርገሽ የጠየቅሽው። እኛ ስንቀምስ ስኒው ላይ የገበሬው ስም አይጻፍም፤ የጣቢያውም ስም አይጻፍም። ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ለምን ይመስልሻል?

እኔ፦ አድልዎ እንዳይኖር።

ጋሼ፦ እሱም አለ። ግን እኔ እንደማየው ቀማሹን ለማሳረፍ ጭምር ነው። ያ ቡና የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል፤ የአማቱ፣ የክርስትና አባቱ ሊሆን ይችላል። ስሙ ከተጻፈለት ወይ ይዋሻል ወይ ይጣላል። ቁጥር ሲያይ ግን ይሉኝታው ሳይነካ ያገኘውን ይጽፋል። እስቲ አንዱን ቅጽ አሳዪኝ። «የአቅራቢው ብቃት» ይላል፤ ከጎኑ ስማቸው ከነማዕረጋቸው። ታዲያ ለእኚህ ዶክተር ከአምስት ሁለት የሚሰጣቸው ማነው? የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያርሙለት ተማሪ?

እኔ፦ ስም አትጻፉ ብለን ነበር።

ጋሼ፦ የእጅ ጽሑፋቸውን አታውቂውም?

እኔ፦ አውቀዋለሁ። የብዙዎቹን አውቀዋለሁ።

ጋሼ፦ እነሱም እንደምታውቂው ያውቃሉ።

እኔ፦ ታዲያ ስለ ሰውየው ካልጠየቅኩ ስለ ምን ልጠይቅ?

ጋሼ፦ ስለደረሰበት ነገር። ጥሩ ነው መጥፎ ነው አትበዪው፤ ምን ሆንክ በዪው። «የመጀመሪያው ፕሮግራም ላፕቶፕህ ላይ የሠራልህ በስንት ሰዓት ነው?» ብትዪው አምስት ሰዓት ላይ ይልሻል። ማንንም አልሰደበም። አንቺ ግን የጠዋቱ ጊዜ በከንቱ እንደሄደ አወቅሽ። «የት ቦታ ላይ ነው የጠፋህ?» በዪው። «ማንን ጠየቅህ?» በዪው። ቀማሽም «ጥሩ ነው» ብሎ አይጽፍም። ቅጹ ላይ አሥር ነገር አለ፤ መዓዛው ለብቻ፣ ጣዕሙ ለብቻ፣ ከዋጥሽው በኋላ አፍ ላይ የሚቀረው ለብቻ፣ ኮምጣጣነቱ ለብቻ፣ ክብደቱ ለብቻ። ነጥቡ ከመቶ ይደመራል፤ ሰማንያና ከዚያ በላይ ያመጣ ልዩ ጣዕም ያለው ይባላል። ግን ለገበሬውም ለጣቢያውም የሚጠቅመው ድምሩ አይደለም። ኮምጣጣነቱ ግሩም ሆኖ የመብላላት ሽታ ካለበት ገንዳ ውስጥ ቆይቶበታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል።

እኔ፦ እኛ አማካይ አውጥተን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረግን። ከአምስት አራት ነጥብ ምናምን ነበር። ሁሉም ደስ አለው።

ጋሼ፦ ከአንድ ናሙና ስንት ስኒ እንደምንቀዳ ታውቂያለሽ? አምስት ነው። አንድ ስኒ በቂ አይደለም? አይደለም። አንዲት የተበላሸች ፍሬ አንዱ ስኒ ውስጥ ትገባለች፤ አራቱ ንጹሕ ሆነው አምስተኛው ይሸታል። አምስቱን አንድ ላይ ብደባልቃቸው ኖሮ «ደህና ነው» እል ነበር። አልደባልቃቸውም፤ አምስተኛው ስኒ የቱ ነው ብዬ ነው የምፈልገው። ከእናንተ ጉባኤ አምስተኛው ስኒ ማን ነበር?

ይህን ሲጠይቁኝ ወዲያው አልመለስኩም። ወደ ሐሳቤ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ቀድሞ አንድ መስመር ኮድ ጽፈው የማያውቁ ሁለት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሌሎቹ ሲስቁ አብረው ይስቁ ነበር፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን የገባቸው አይመስለኝም። ከቅርስ ጥናት የመጣም አንድ ሰው ነበር።

እኔ፦ የቅርሱ ሰው ሦስቱንም ቀን ፊት ወንበር ላይ ነበር። ትክል ድንጋዮችን ይለካል። ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላ ያሉትን ሁሉ ፎቶ አንስቷል። መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ሥራው በዝቶበታል። በፎቶ ብቻ የድንጋዩን ቁመትና ጥርብ በኮምፒውተር መለካት ነበር የፈለገው። እኛ ምን እንዳስተማርነው ልንገርዎት? አይሪስ የሚባል አበባ አለ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ የ150 አበቦች የቅጠል ርዝመትና ስፋት አለ። በዓለም ዙሪያ ጀማሪ ሁሉ በዚያ ነው የሚለማመደው። እኛም ሦስት ቀን ሙሉ አይሪስ ስንለካ ዋልን።

ጋሼ፦ እዚህ እንሰት ሞልቶ?

እኔ፦ እንሰት ሞልቶ፣ ቡና ሞልቶ፣ ድንጋዩም ደጃችን ላይ ቆሞ። ሳካሮ ሶዶ ያሉት ድንጋዮች እንኳ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የቆሙ መሆናቸውን ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ቀድሞ ከሚታሰበው በብዙ ይቀድማል። ያን የመሰለ ነገር የሚያጠና ሰው ፊት ተቀምጦ የውጭ አበባ አስለካነው። እሱም ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ሞላ።

ጋሼ፦ ከመምጣቱ በፊት ምን ይዘህ ትመጣለህ ብላችሁ ብትጠይቁት?

እኔ፦ እሱ ነው ያመለጠን። አስተያየት ማለት ከጉባኤው በኋላ የሚሰበሰብ ብቻ መስሎን ነበር። ሲመዘገብ «በእጅህ ያለው መረጃ ምን ዓይነት ነው? ከዚህ ሄደህ ሰኞ ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ብለን ሁለት ጥያቄ ብንጨምር መርሐ ግብሩ ራሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ጋሼ፦ መርሐ ግብሩን ከየት ወሰዳችሁት?

እኔ፦ በልማድ ነው። መክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ንግግር፣ ከዚያ ንግግር። አሜሪካ ውስጥ ሳይፓይ የሚባል ጉባኤ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ካልቴክ ላይ በጥቂት ሰዎች ነው የተጀመረው፤ ሳይንቲስቶች በፓይተን የሚሠሩትን ይዘው የሚገናኙበት። እዚያ ሰው መጀመሪያ እጁን አስገብቶ የሚማርበት ቀን አለው፣ ከዚያ የንግግር ቀን፣ ከዚያ ደግሞ ተማሪና ሊቅ አንድ ጠረጴዛ ከበው የጋራ ፕሮግራም የሚያሻሽሉበት ቀን። እኛ መካከለኛውን ብቻ ነው የወሰድነው።

ጋሼ፦ ቀላሉን ማለት ነው።

እኔ፦ አዎ። ደግሞ በመዝጊያው ላይ መድረክ መሪው «አስተያየት ያለው?» ብሎ ጠየቀ። መጀመሪያ የተናገሩት በዕድሜም በማዕረግም ትልቁ ሰው ናቸው። አመሰገኑ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ሁሉ አመሰገነ።

ጋሼ፦ ይሄ በእኔም ደርሷል። ወጣት ሳለሁ ነው፤ የት እንደሆነ አልነግርሽም። የሁላችን አለቃ የሆኑ ቀማሽ ነበሩ፣ ምላሳቸው የተመሰከረለት። አንድ ናሙና ቀምሰው ገና እኛ ሳንጽፍ «እህ! ይሄማ አበባ ነው!» አሉ። እኔ ግን ሦስተኛው ስኒ ላይ ድንች ድንች የሚል ነገር ቀምሼበት ነበር። ብዕሬን አንሥቼ ወረቀቴን አየሁት፤ የጻፍኩትን ሰረዝኩና አበባ ብዬ ጻፍኩ። ያ ቡና ከገዢ ዘንድ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሁሉ ጽፎ ሳይጨርስ አፌን አልከፍትም፤ ሌላውም ሲከፍት ዝም አስብለዋለሁ። በቅምሻ ክፍል ውስጥ ፉት ሲባል ከሚሰማው ድምፅ ሌላ ድምፅ የለም። ክርክሩ በኋላ ነው። ይኑር፣ ይጥማል ክርክሩ። ግን በኋላ።

እኔ፦ እንግዲህ እኛም መድረኩን ከመክፈታችን በፊት ሰው ሁሉ ለሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ ቢጽፍ።

ጋሼ፦ ጽፎም ወረቀቱን ለአንቺ አይስጥ። ካርቶን ውስጥ ይክተተው።

እኔ፦ አንድ ሌላ ነገር ልንገርዎት። ሶፍትዌር ካርፔንትሪ የሚባል ለሳይንቲስቶች ፕሮግራም የሚያስተምር እንቅስቃሴ አለ፤ ግሬግ ዊልሰንና ብሬንት ጎርዳ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመሩት። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቀለም ያላቸው ተለጣፊ ወረቀቶች ይሰጡታል። ሥራው ሲሳካለት አንደኛውን ቀለም ላፕቶፑ ክዳን ላይ ይለጥፋል፤ ሲያቅተው ሁለተኛውን። እጅ ማውጣት የለም፣ «ይቅርታ አልገባኝም» ብሎ መቆም የለም። አስተማሪው ክፍሉን በአንድ ዓይን ያየዋል፤ ሁለተኛው ቀለም ከበዛ ይቆማል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ በአንዱ ወረቀት የገባውን፣ በሌላው ያልገባውን አንድ ነገር ጽፎ በሩ ላይ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ የሚጀመረው እሱን አንብቦ ነው።

ጋሼ፦ ይህን ወደድኩት። ወዲያ ተመልከቺ፣ አልጋው ላይ የሚለቅሙትን ሴቶች። ቡናው እዚያ ላይ ከአሥር ቀን በላይ ይቆያል፤ በየቀኑ ያገላብጡታል፣ የተሰበረውን፣ ያልበሰለውን፣ ነፍሳት የበላውን ያወጡለታል። ጉድለት አልጋ ላይ እያለ ነው የሚለቀመው። ጆንያ ገብቶ ከተሰፋ በኋላ ማን ፈትቶ ይለቅመዋል? አንቺ ጆንያውን ሰፍተሽ ነው የጠየቅሽው።

አንዲት ልጅ ቡና ቀድታ አመጣችልን። ጋሼ ፉት ብለው ስኒውን አስቀመጡትና ረሱት መሰለኝ፤ ወሬያችን ቀጠለ።

እኔ፦ ቋንቋውም አለ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነበር። ጥናቱን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ቅሬታውን ግን በእንግሊዝኛ አያስብም። የመለሱት በአንድ ቃል ነው፤ «ጉድ»፣ «ናይስ»። በአማርኛ ቢሆን፣ የፈለገ ደግሞ በጌዴኦኛ እንዲጽፍ ቦታ ቢተውለት ዓረፍተ ነገር እናገኝ ነበር።

ጋሼ፦ አሁን ስኒውን ቅመሺው።

እኔ፦ በርዷል እኮ።

ጋሼ፦ ስለበረደ ነው ቅመሺው ያልኩሽ። ሲፈላ ሁሉም ቡና ይመስላል። ሙቀቱ ይሸፍናል። እኛ ትኩሱን ቀምሰን ጽፈን እንጠብቃለን፤ ለብ ሲል እንደገና እንቀምሳለን፤ ሲበርድ እንደገና። ጥሩ ቡና ሲበርድ ማር ይሆናል። ጉድለት ያለበት ደግሞ ሲበርድ ነው ጉዱ የሚወጣው።

እኔ፦ ጉባኤም እንዲሁ ነው ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ሰው ትኩስ ነው፤ ፎቶ ተነሥቷል፣ ከጓደኛው ጋር ተገናኝቷል። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠናን በአራት ደረጃ መዝኑት ብለው ጽፈው ነበር፦ ሰውየው ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ሥራው ተሻሻለ ወይ። የእኛ ቅጽ ከመጀመሪያው አያልፍም። ከሦስት ወር በኋላ ደውዬ «ከዚያ ወዲህ የጻፍከው ፕሮግራም አለ? አሁንም ይሠራል? የት አቆምክ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ያን ጊዜ ነው ጉባኤያችን ምን እንደሠራ የማውቀው።

ጋሼ፦ እነዚያስ? በሁለተኛው ቀን ያልተመለሱት?

እኔ፦ ቅጽ አልደረሳቸውም። በመጨረሻው ቀን አልነበሩማ።

ጋሼ፦ አየሽ፣ የጠየቅሻቸው የወደዱትን ብቻ ነው።

እኔ፦ ጨርሶ ያልመጡም አሉ። በዚህ ነገር ላይ የአገራችን ስም ያለበት ታሪክ አለ። የዓለም የማሽን መማር ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ካናዳና አሜሪካ ይሰበሰባሉ፤ አፍሪካውያን ግን ጽሑፋቸው ተቀባይነት አግኝቶም ቪዛ ይከለከላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል በነበረው ትልቅ ጉባኤ ብዙዎቹ በዚህ ቀሩ። የቀሩትን ሰዎች ማንም የእርካታ ቅጽ አልሰጣቸውም። ጉዳዩን ያነሡት አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 የመሠረቱት «ብላክ ኢን ኤአይ» የሚባለው ስብስብ ሰዎች ናቸው። አይሲኤልአር የሚባለው ጉባኤ እ.ኤ.አ. የ2020ውን ስብሰባ አዲስ አበባ ለማድረግ ሲወስን፣ አንዱ ምክንያት ይኸው የቪዛ ችግር ነበር።

ጋሼ፦ አዲስ አበባ ተደረገ?

እኔ፦ ኮሮና መጣና አልሆነም። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሆነ። ግን አዘጋጆቹ ነገሩን በችኮላ አላለፉትም፤ ንግግሮቹን አስቀድመው በቪዲዮ አስቀረጹ፣ ጥያቄ የሚቀርብበትን ገጽ ራሳቸው በፕሮግራም ሠሩ፣ ፕሮግራሙንም ሌላ ጉባኤ እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቁት። ከ5,600 በላይ ሰው ተሳተፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ጉባኤው በአካል ኪጋሊ ላይ ተደረገ። አዲስ አበባ ስላልሆነ እስካሁን ይቆጨኛል። ሆኖም ያልመጣን ሰው ቆጥሮ ለእሱ ሲባል አህጉር የቀየረ ጉባኤ አይቻለሁ።

ጋሼ፦ አንቺ ደግሞ አህጉር መቀየር የለብሽም። ስልክ አለሽ።

እኔ፦ ብደውልላቸው ይናገራሉ? ያው ይሉኝታ አለ።

ጋሼ፦ «ለምን ጥለሽ ሄድሽ?» ካልሽ አይናገሩም፤ ከሰስሻቸው። ደግሞ ከነገሩሽ በኋላ ዝም አትበዪ። እዚህ ገበሬ እሸት ይዞ ሲመጣ ውሃ ላይ እናንሳፍፈዋለን፤ ባዶው ከላይ ይቀራል፣ እሱን እንመልስበታለን። ምክንያቱን አሳይተን ስንመልስበት በማግስቱ ለቅሞ ያመጣል። ሳንነግረው ከመለስንበት ግን ወይ ያንኑ ያመጣል ወይ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል። የእናንተም ሰዎች የተናገሩት የት እንደደረሰ ካላዩ በሚቀጥለው ዓመትም «በጣም ጥሩ» ብለው ይፈርሙልሻል።

እኔ፦ አንድ ገጽ እንጽፋለን። ያላችሁን ሰምተናል፤ ፕሮግራሙን በፍላሽ አስቀድመን እንሰጣለን፤ አይሪስን ትተን የቡናና የእንሰት መረጃ እናዘጋጃለን፤ መብራቱን ግን እኛ መቆጣጠር አንችልም፣ ጄኔሬተር ያለው አዳራሽ እንፈልጋለን። እንዲህ ብለን ለሁሉም እንልካለን።

ጋሼ፦ ያልቻላችሁትንም መጻፋችሁ ጥሩ ነው። አሁን ደውዪ።

እኔ፦ አሁን?

ጋሼ፦ ስኒው በርዷል፤ ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ?

ከዝርዝሩ ላይ በሁለተኛው ቀን ካልተመለሱት ከሁለቱ የጤና ባለሙያዎች የአንዷን ስልክ አወጣሁ። ጋሼ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሰላምታው ረዘመ፤ ጤናዋን፣ ሥራዋን፣ ልጆቿን ጠየቅኩ፤ እሷም ጉባኤው ግሩም እንደነበር፣ እግዚአብሔር እንዲሰጠን ነገረችኝ።

እኔ፦ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምን ገጥሞሽ ነበር?

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በቀስታ፣ «ላፕቶፑ የእኔ አልነበረም» አለች። «ባልደረባዬ ለአንድ ቀን ነው ያዋሰችኝ። እመልስልሻለሁ ብያት ስለነበር በዚያው ማታ ወሰድኩላት። በማግስቱ ባዶ እጄን መጥቼ ሰው ሲሠራ ማየት አፈርኩ።» በአዳራሹ ጥግ ያለ ሥራ የተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች እንደነበሩ ትዝ አለኝ፤ ማንም አልተጠቀመባቸውም ነበር። ላፕቶፕ ይኖርሻል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ስልኩን ዘግቼ ጋሼን ቀና ብዬ አየኋቸው። ከኪሳቸው ብዕር አውጥተው ሰጡኝ።

ጋሼ፦ መጀመሪያ ጻፊው፤ ከዚያ ሁለተኛዋን ደውዪላት።